የውሃው መንገድ የት ነው?

ይድረስ፦ ለአዳማ ከተማ አስተዳደር፣ ለከተማዋ ምክር ቤት አባላት፣ ለእድሮቻችን ሰብሳቢዎችና ለአዳማ ሕዝብ በሙሉ

አዳማ፣ ግንቦት

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ?

እዚሁ አዳማ ጂኦግራፊ የማስተምር ሰው ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግንቦት የምጽፈው ሆን ብዬ ነው። ሐምሌ ላይ ብጽፈው ሁላችንም ጭቃ ስንጠርግ ስለምንውል የሚያነበው አይገኝም። መስከረም ላይ ብጽፈው ደግሞ ፀሐይ ወጥቶ፣ አደይ ፈንድቶ፣ ነገሩ ተረስቷል። ግንቦት ግን ገና ጊዜ አለ።

በአንዲት ጎረቤቴ ልጀምር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «እማማ» ነው የሚላቸው። እንጀራ ጋግረው ለሆቴሎች ያስረክባሉ። አዳማ የስብሰባ ከተማ እንደሆነች ታውቃላችሁ። ከአዲስ አበባ 99 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፤ ዎርክሾፕ ያለው መሥሪያ ቤት ሁሉ ወደዚህ ይመጣል። ተሰብሳቢ ሲበዛ የእማማ ምጣድ አይበርድም።

ኮሮና መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተነገረ። ሰኞ መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። በዚያው ወር በ30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ስብሰባ ቀረ፤ ሆቴሎቹ ጭር አሉ። የእማማ ደንበኞች አንድ በአንድ እየደወሉ «ለጊዜው ይቆይልን» አሏቸው። ያ «ለጊዜው» ብዙ ወራት ፈጀ። አብራቸው ትጋግር የነበረችው ልጅ ሻንጣዋን ይዛ አገሯ ገባች።

ከዚያ በኋላ እንዴት እንዳንሰራሩ በዓይኔ አይቻለሁ። እቁብ ገቡ። ዕጣው ሲደርሳቸው ሁለተኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዙ። ደንበኞቹ ተመለሱ፤ ልጅቷም ተመለሰች። አንድ ቀን በር ላይ አግኝተውኝ «ይኸው ቆምኩ ልጄ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።

ከዚያ ክረምት መጣ። ሐምሌ ውስጥ ነው፤ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ግድም። እኛ ሰፈር ላይ የጣለው ካፊያ ነበር፤ ዣንጥላ እንኳን አያስይዝም። ከባዱ ዝናብ የወረደው ከከተማው በላይ፣ ኮረብታው ላይ ነው። መጀመሪያ የሰማነው ድምፁን ነው። ጭነት መኪና ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። ወዲያው አመድማ ውሃ በየበሩ ሥር ገባ።

እማማ ቤት ስደርስ ውሃው ጉልበታቸው ደርሷል። በሁለት እጃቸው አንድ ነገር አቅፈዋል። ገንዘብ መስሎኝ ነበር። እርሾ ነው። በትንሽ ጀሪካን የተቀመጠ እርሾ። የተቦካው ሊጥ ከነባልዲው ተገልብጧል፣ የዱቄቱ ማዳበሪያ ረጥቦ ቁጭ ብሏል፣ እሳቸው እርሾውን ይዘው ቆመዋል። «ሌላው ይገዛል» አሉኝ።

ሁለቱም ምጣዶች ግን አለቀላቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ውሃ ከገባበት ጀሶው ይረጥባል፣ ሽቦው ይበላሻል። ስንት ወር የተጣለ እቁብ በሃያ ደቂቃ ሄደ።

ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። ከኮሮና ማገገም ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ እንድናስብበት ነው። እኚህ ሴት አገግመው ነበር። የብድርና ቁጠባ ሰው፣ የሴቶች ጉዳይ ሰው፣ ማንም ቢጠይቃቸው «አዎ፣ ተመልሻለሁ» ይሉ ነበር። ያገገሙት ግን የጎርፍ መንገድ ላይ ተቀምጠው ነው። ወረርሽኙ ያልወሰደባቸውን ቦይ ወሰደባቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ከተማሪዎቼ ሦስቱን ይዤ ያንን ቦይ ከላይ እስከ ታች ተከተልኩት። መጀመሪያ ያገኘነው አሸዋ ነው። ቤት የሚሠራ ሰው አሸዋውን ቦዩ ጠርዝ ላይ አስወርዶ ግማሹ ውስጥ ገብቷል። ትንሽ ወረድ ስንል አንድ ግቢ መኪና ለማስገባት ቦዩ ላይ ኮንክሪት ሞልቶበታል። ከሥሩ የተቀበረው ቱቦ ጭንቅላት አያስገባም። ከዚያ በታች ሃይላንድ፣ ፌስታል፣ የጫት ገለባ፣ አንድ አሮጌ ፍራሽ። የመጨረሻው ግን ከሁሉም ባሰብኝ። ቦዩ አንድ አጥር ሥር ደርሶ አለቀ። በቃ። ወደ ወንዝ አይገባም፣ ከሌላ ቦይ ጋር አይገናኝም። አንደኛዋ ተማሪዬ ቆም ብላ «መምህር፣ ከዚህ በኋላ የት ይሄዳል?» አለችኝ። ዘወር ብለን ስናይ ከአጥሩ ቀጥሎ ያለው የሰው መኝታ ቤት ነው።

ማንንም ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። መንገዱ ኮብልስቶን ሲነጠፍ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነዋሪው ብር አዋጥቷል፣ ሲያልቅም ቡና ተፈልቷል። የሠሩት ልጆች የተሰጣቸውን ነው የሠሩት፤ ድንጋዩን ጥሩ አድርገው ነው የገጠሙት። የጎደለው አንድ ነገር ነው። ከመሠራቱ በፊት «የውሃው መንገድ የት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ከአሁን በኋላ በከተማችን መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ሼድ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ምንም ይሁን ምን ገንዘቡ ከመፈቀዱ በፊት ይህ ጥያቄ በወረቀት ይጠየቅ፣ በወረቀት ይመለስ። መልስ የሌለው ፕሮጀክት መልስ እስኪያገኝ ይቆይ።

ለምን አዳማ ላይ ይህን ያህል ትጨነቃለህ የሚለኝ ካለ፣ መሬቷን አብረን እንያት። ከተማችን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ዙሪያዋ ኮረብታና ሸንተረር ነው። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ጎድጓዳ ሳህን ይዤ እገባለሁ፤ ጠርዙ ላይ ውሃ ጠብ ሳደርግ ተማሪዎቹ ራሳቸው መልሱን ይናገራሉ። አፈሩ ደግሞ ከጥንት እሳተ ገሞራ የመጣ አመድና ፐሚስ፣ ማለትም ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ፣ ይበዛዋል። ብሎኬት አምራቾች የሚወዱት ቀላልነቱ፣ ውሃ ሲነካው ደግሞ ጉዱን ያወጣዋል፤ በቀላሉ ይሸረሸራል። ኮረብታው ሲመነጠር፣ ድንጋይና ፐሚስ ሲቆፈርበት የሚወርደው ውሃ ብቻ አይደለም፤ መሬቱም አብሮ ነው የሚወርደው። ቦዮቻችን በቶሎ የሚደፈኑት ለዚህ ነው። ዛሬ የጠረግነው በሁለት ከባድ ዝናብ ደለል ይሞላዋል።

አዳማ ስሟን ያገኘችው ከቁልቋል ነው ይባላል፤ በኦሮምኛ ሀዳሚ ከሚለው። ቁልቋሉ አፈሩን ቆንጥጦ ይዞ ነበር። ዛሬ ስሙ ነው የቀረን ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ስለዚህ ሥራው ከላይ ነው የሚጀምረው። ከተማ ውስጥ ቦይ ማስፋት ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ኮረብታው ላይ እርከን ካልተሠራ፣ ዛፍ ካልጸደቀ፣ ውሃውን የሚያዘገዩ ኩሬዎች ካልተቆፈሩ፣ ቦይ ማስፋት ብቻውን ደለል ማስተናገጃ ማስፋት ነው። ችግኝማ በየዓመቱ እንተክላለን። እባካችሁ የሚተከለውን ብቻ አንቁጠር፤ በቀጣዩ ግንቦት በሕይወት ያለውን እንቁጠር።

ደግሞ ይህች ከተማ ተፈጥሮን ተግባብታ መኖር አያቅታትም። ቀና በሉና ሸንተረሩ ላይ የቆሙትን የነፋስ ተርባይኖች እዩ። አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አላቸው። ያ ነፋስ ድሮ የሚያመጣልን አቧራ ነበር። ተለካ፣ ተጠና፣ መብራት ሆነ። ጎርፉንም እንደዚያ እንለካው ነው የምለው። የምንጠጣው ውሃ ከቆቃ በታች ከአዋሽ ተስቦ፣ ተጣርቶ የሚመጣ ነው። የአካባቢያችን የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፤ ወንጂ አካባቢ ያደጉ ሰዎች ጥርስ ምስክር ነው። በጋውን ሙሉ ውሃ የምትናፍቅ ከተማ፣ ክረምት ላይ ከኮረብታው የሚወርደውን ውሃ ሰብስባ ችግኝ እንኳን ብታጠጣበት ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ዋና ወደምለው ነገር ልምጣ። የቀን መቁጠሪያው ነው።

የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሐምሌ 1 ማለት ክረምቱ የገባበት፣ ኮረብታው ውሃ የጠገበበት ጊዜ ነው። የአዲሱ ዓመት ገንዘብ ተደልድሎ ሥራ ላይ እስኪውል ደግሞ ነሐሴ ይጋመሳል። ስለዚህ ለቦይ ጠረጋ የተያዘ ብር ካለ፣ የሚደርሰው ከጎርፉ በኋላ ነው። ሰኔ ላይ የሚሆነው ደግሞ ግልባጩ ነው። የዓመቱ ብር ተመላሽ እንዳይሆን ሁሉም ይቆፍራል። መንገድ ይከፈታል፣ ቱቦ ይወርዳል፣ አፈር ዳር ላይ ይከመራል። የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ያንን ሁሉ በግማሽ ያገኘዋል። የተከመረው አፈር ተመልሶ ቦይ ውስጥ ይገባል። ልጆች ክፍት ጉድጓድ ዘለው ትምህርት ቤት ይመጣሉ፤ ፈተና ደግሞ የሚፈተኑት ያኔ ነው።

ይህ የአዳማ ብቻ ጥፋት አይደለም። የአገሪቱ የበጀት ዓመት በሙሉ እንዲህ ነው፤ ከክረምቱ ጋር ተቀናጅቶ አልተሠራም። አዋጁን እዚህ መቀየር አንችልም። በውስጡ ግን ሥራውን ማሸጋሸግ እንችላለን። የቦይ ጠረጋና ጥገና ገንዘብ ከጥር ጀምሮ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ሚያዝያና ግንቦት ላይ ሥራ ላይ ይዋል። ሰኔ ከገባ በኋላ አዲስ ቁፋሮ አይጀመር፤ የተጀመረውም ሳይዘጋ አይደር። ይህ ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። ውሳኔ ነው የሚጠይቀው። ለዘንድሮ የቀሩን ጥቂት ሳምንታት ቢሆኑም፣ አካፋና ጉልበት ካለ ብዙ ይሠራባቸዋል።

«ይህን ያህል ያሰጋል ወይ?» የሚል ሰው አይጠፋም። ድሬዳዋን እናስታውስ። ድሬዳዋ በባቡሩ መስመር እህታችን ናት፤ ሁለታችንንም ያሳደገን ያው ሐዲድ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ከበላይዋ ካለው የሐረርጌ ደጋ ላይ ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ብዙው ሰው ተኝቶ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ደረቅ ወንዝ ውሃው የሄደ ይመስለናል እንጂ መንገዱ እዚያው ነው። አዳማ ውስጥም በጋ ላይ ኳስ የምንጫወትባቸው፣ ጉሊት የምንዘረጋባቸው፣ ቤት የምንቀልስባቸው ደረቅ ሸለቆዎች አሉ።

ይህን ከራሴ አፍልቄ የተናገርኩ እንዳይመስላችሁ። መጋቢት 2007 ዓ.ም. የዓለም አገሮች ጃፓን ውስጥ ሴንዳይ በምትባል ከተማ ተሰብስበው የአደጋ ሥጋት ቅነሳ ማዕቀፍ አጽድቀዋል። እስከ 2030 እ.ኤ.አ. የሚሠራበት ነው። ሰባት ግቦችና አራት ቅድሚያ የሚሰጣቸው ጉዳዮች አሉት፤ ከአራቱ አንዱ ከአደጋ በኋላ መልሶ ሲገነባ ከበፊቱ የተሻለ አድርጎ መገንባት ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ 17ቱ ዘላቂ የልማት ግቦች ጸደቁ። እኔን የገረመኝ አንድ ነገር አለ። የሴንዳዩ ሰነድ ወረርሽኝንም ከአደጋ ቆጥሮታል። ከኮሮና አምስት ዓመት ቀድሞ ማለት ነው።

እኛም ወደ ኋላ የቀረን አልነበርንም። የ1966ቱ የወሎ ረሃብ የዕርዳታ ማስተባበሪያን ወለደ። መሥሪያ ቤቱ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀይሮ ዛሬ የአደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ተብሏል። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ ፖሊሲም ሐሳቡን ገልብጦታል፤ አደጋ ሲደርስ እህል ይዞ ከመሮጥ፣ ሥጋቱን አስቀድሞ መቀነስ ይሻላል ይላል። ጥሩ ፖሊሲ ነው። ያለ ጥርጥር እደግፈዋለሁ። እማማ በር ላይ ያለው ቦይ ድረስ ግን አልወረደም። ፖሊሲው አንድ ቢሮ ውስጥ ነው፣ የመንገዱ ዲዛይን ሌላ ቢሮ፣ የመሬቱ ካርታ ሌላ፣ ጤናው ሌላ። ውሃው ግን ቢሮ አይለይም።

ጤና ካነሳሁ አይቀር፣ ኮሮና ያስተማረንን አንርሳ። በ2012 በየሱቁ በር ባለ ቧንቧ ባልዲ ነበር። ሳሙና ነበር። ትምህርት ቤት ሲከፈት እኔ የማስተምርበት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ ሮቶ ቆሞ ስምንት ቧንቧ ተዘረጋለት። ልጆቹ ተሰልፈው ይታጠቡ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንዲህ አይቼ አላውቅም። ዛሬ ከስምንቱ ቧንቧ የሚሠራው አንድ ነው። ሮቶው ክዳን የለውም። ለኮሮና ብለን ያመጣነውን ኮሮና ሲሄድ ሸኘነው። ውሃና ሳሙናን ግን አተትም ይፈራቸዋል፣ ኮሌራም ይፈራቸዋል። ጎርፍ የመጸዳጃ ጉድጓድ ካጥለቀለቀ በኋላ የሚመጣው ደግሞ ያው ነው። እንግዲህ አንድ ቧንቧ መጠገን የጤና ሥራ ነው? የአደጋ ሥራ ነው? የትምህርት ነው? ማን ይጠግነው ሲባል ሁሉም ወደ ሌላው ያያል።

ሁለት አደጋ በአንድ ቀን አይመጣም ማለትም አይቻልም። በነሐሴ 2012፣ ኮሮና ገና ሲነድ፣ አዋሽ ሞልቶ በአፋር ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ላይ ጉዳት አደረሰ። ቤቱ የተወሰደበት ሰው ድንኳን ውስጥ ተጨናንቆ እያደረ «ርቀትህን ጠብቅ» ይባል ነበር። አዋሽ እኛም የምንጠጣው ወንዝ ነው።

ስለ መሬት መንቀጥቀጡም ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ከ2017 መስከረም ጀምሮ በአዋሽ ፈንታሌና በመተሐራ በኩል ምድር ስትንቀጠቀጥ ከረመች። በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጣ። አርብ የካቲት 7 ሌሊት የደረሰው በሬክተር መለኪያ 6.0 ነበር። ተማሪዎቼ ሰኞ ሲመጡ ሁሉም የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነበር፤ «ሕንፃ ውስጥ ብንሆን ምን እናድርግ?» መልሱን ነገርኳቸው። እኔ ራሴ የምጠይቀው ግን ሌላ ነው። በየመንገዱ ዳር አምስትና ስድስት ፎቅ እየወጣ ነው። የብረቱን ውፍረትና የኮንክሪቱን ጥንካሬ እየተከታተለ የሚያይ ባለሙያ አለ ወይ? የምንኖረው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። አንዴ የቆመ ሕንፃ ስንት አሥርት ዓመት ይቆያል፤ ዛሬ የታለፈው ስሕተትም አብሮት ይቆያል።

አሁን ደግሞ ያለንን እንይ፤ ብዙ አለን።

ሴፍቲኔት አለን። ችግረኛ ነዋሪዎችን በሕዝብ ሥራ እያሠራ የሚደግፈው የከተማ ልማታዊ ሴፍቲኔት በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር አዳማ አንዷ ነበረች። ማለዳ ተነስተው መንገድ የሚጠርጉትን እናቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ልፋታቸው ክብር ይገባዋል። እኔ የምለው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው የሥራ ቀናቸው በብዛት ወደ ቦይና ወደ እርከን ይዙር። ብዙዎቹ የሚኖሩት ጎርፍ በሚበዛበት ቦታ ነው። የሚቆፍሩት የራሳቸውን ቤት የሚያድን ቦይ ይሆናል፣ የዕለት ጉርሳቸውም አይቋረጥም። ጓንትና ቦቲም ይሰጣቸው፤ ቦይ ውስጥ ስባሪ ጠርሙስ አለ።

ዩኒቨርሲቲ አለን። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ውሃና መሬት የሚለኩ መሣሪያዎች፣ በእነሱ መለካት የሚችሉ ተማሪዎችም አሉ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው መደርደሪያ ላይ ከሚቀር፣ የየቀበሌው የጎርፍ ካርታ ሆኖ ቀበሌ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቦታ የሚገዛ ሰው አይቶት ይግዛ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ከማጣት ያድናል።

ከሁሉም በላይ ግን እድር አለን። አንድ ሰው ሲሞት የአዳማ እድር በአንድ ሰዓት ውስጥ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበር ያመጣል፣ ድስት ይጥዳል። የማን ቤት የት እንዳለ፣ ማን አልጋ ላይ እንደሆነ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር ከእድር ጸሐፊ በላይ የሚያውቅ የለም። የሜትዮሮሎጂ ትንበያ በሬዲዮ ይነገራል፤ እማማ ያን ሰዓት ሊጥ ላይ ናቸው፣ አይሰሙም። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ቢጠራ ግን ሰምተው ይወጣሉ። ስለዚህ የትንበያው መልእክት ከከተማው ወደ እድር ሰብሳቢ ስልክ ይምጣ። ኮረብታው ሥር የሚኖሩ ሁለት ወጣቶች ከላይ ውሃ ሲወርድ አይተው ይደውሉ። ጥሩምባው ለሐዘን ከሚነፋው በተለየ ዜማ ይነፋ፤ ሰው በሐዘንና በጎርፍ መካከል እንዳይደናገር አስቀድሞ ይነገረው። ያን ቀን ሃያ ደቂቃ ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ሁለቱ ምጣዶች አልጋ ላይ ይወጡ ነበር።

የእድር ሰብሳቢዎች፣ ይህ ለእናንተም የተጻፈ ነው። አስተዳደሩ እስኪጠራችሁ አትጠብቁ። ለቀጣዩ ወርኃዊ ስብሰባ አጀንዳ አድርጉት። ለቀብር የምናዋጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለአካፋና ለጆንያ ቢሆን ሟቾቻችን የሚቀየሙን አይመስለኝም።

ጎረቤቶቼ፣ እናንተንም አደራ ልበላችሁ። አሸዋ ስታስወርዱ ቦዩን ራቁ። ለመኪናችሁ መግቢያ ስትሠሩ ቱቦውን ሰፋ አድርጉት። ሃይላንዱን ከመኪና መስኮት አትወርውሩ። እኔ ጠርጌ እናንተ ከጣላችሁበት፣ ያ ሃይላንድ ከበታቻችን ባለች ሴት በር ላይ ነው የሚቆመው።

ለከተማው አስተዳደር አንድ የመጨረሻ ነገር። ከኮሮና በኋላ ብዙ እየተሠራ ነው፤ አያለሁ። መንገዱ፣ መናፈሻው፣ ሱቁ። ለወጣት የሚሰጠው ሼድም አለ። እባካችሁ ሼዱ የሚቆምበትን ቦታ ክረምት ላይ ሄዳችሁ እዩት። በጋ ላይ ሁሉም ቦታ ደህና ነው። ለአንድ ወጣት ብድርና ሼድ ሰጥተን ውሃ መንገድ ላይ ካስቀመጥነው፣ ዕዳውን ነው የሰጠነው።

ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ሰው ይሰየም። ኮሚቴ አላልኩም፤ አንድ ሰው። ስሙና ስልኩ የታወቀ፣ የትኛውም ቢሮ ያቀደውን ፕሮጀክት አምጡና አሳዩኝ ማለት የሚችል፣ ከመፈረሙ በፊት ቦታው ድረስ የሚሄድ። ቦዩ አጥር ሥር ቢያልቅ «ከዚህ በኋላ የት ይሄዳል?» ብሎ የሚጠይቅ። ተማሪዬ ጠይቃዋለች፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው።

እማማ ዛሬ በአንድ ምጣድ ይጋግራሉ። እርሾው ያው የድሮው ነው። ዘንድሮ ደጃፋቸው ላይ በሁለት ረድፍ ብሎኬት ከፍ ያለ ደፍ አሠርተዋል፤ ምጣዱንም ጠረጴዛ ላይ አውጥተውታል። ራሳቸው ያደረጉት ነው፣ ማንም አልነገራቸውም።

እኔና ተማሪዎቼ የሰፈራችንን ቦዮች በእግር ዞረን በወረቀት ላይ ሥለናቸዋል። የተደፈኑት በቀይ፣ መውጫ የሌላቸው በጥቁር ተቀብተዋል። ጥቁሩ አምስት ቦታ ነው። ካርታው ቤቴ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ከሰኔ በፊት በየትኛውም ቀን ብትጠሩኝ ይዤው እመጣለሁ፤ ቅዳሜና እሑድም ቢሆን ይመቸኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የአዳማ መምህር